የሰባት ዓመቱ ጦርነት በእኛ አቆጣጠር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1999

መጣች! ማሂ መጣች። ከሐምሌ ወዲህ ቤቴን አልረገጠችም። አሥራ አምስት ከሞላት ጀምሮ ቅዳሜ አባቷ ጋ መምጣት አለመምጣቱ የራሷ ፈቃድ ነው ብላለች እናቷ። እኔም ምን እላለሁ? ዛሬ ግን ልጄ ከእናቷ ቤት፣ ከሴንቴኒያል አውቶቡስ ይዛ እኔ ያለሁበት ቻምበርስ ሮድ ድረስ መጣች። ለእኔ ብላ አይደለም፤ ሰኞ የታሪክ ፈተና አለባት።

"ዳዲ፣ ሂስትሪ ቲቸር ነበርክ አይደል? ሰቨን ይርስ ዋር ምንም አልገባኝም።"

ነበርኩ እንጂ! ደብረ ብርሃን፣ አሥራ አንድ ዓመት። የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል ነጂ መሆኔን ለሦስት ሰዓት ያህል ረሳሁት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሚጥሚጣ ፕሩሲያ ሆነ፣ ጨው ኦስትሪያ፣ የመኪና ቁልፌ ፈረንሳይ፣ የሻይ ኩባያው እንግሊዝ። ቁልፉን መጀመሪያ ከሚጥሚጣው ጎን አቆምኩት፤ ቀጥሎ ወደ ጨው አሻገርኩት። ኩባያው ደግሞ ጨውን ትቶ ወደ ሚጥሚጣው ሄደ።

"ዌት፣ ፍሬንዶቻቸውን ተቀያየሩ?"

"አዎ፣ ወዳጅ ተለዋወጡ።"

"ልክ እንደ እኛ ሃይስኩል!" ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ዓመተ ምሕረቶቹን ከድሮው ጥቁር ደብተሬ ገልብጬ በአንድ ገጽ ጻፍኩላት። ደስ ብሏት ሄደች።

እሑድ፣ ጥቅምት 5

ጨውና ሚጥሚጣው ጠረጴዛው ላይ እንደተሰለፉ ናቸው። አላነሳኋቸውም።

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከተፋታን ወዲህ የጋራ ወዳጆቻችን በሙሉ በእናቷ በኩል ተሰልፈዋል፤ እኔን ከሩቅ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ዛሬ ወዳጇ እንግሊዝ ለከዳቻት ለኦስትሪያዋ ንግሥት አዘንኩላት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ትናንት ተፈተነች። አልደወለችም። ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ስነዳ ዋልኩ፤ አንዲት ተሳፋሪ "ተርሚናሉን እኮ አለፍከው" አለችኝ።

ለራሴ፦ አትደውል። ስትጨቀጭቃት አትወድም። ሻንጣ ስታነሳ ወገብህን ጠብቅ። አትደውል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ደወለች። ዲ ነው ያገኘችው።

"ዴቶቹ ሁሉ ሮንግ ናቸው፣ ዳዲ። ቡኩን እኮ አላነበብኩም፤ ያንተን ፔፐር ነው ያጠናሁት።"

ጦርነቱ በ1748 ተጀመረ ብላ ጽፋለች። አስተማሪዋ "ይህ እኮ የፊተኛውን ጦርነት ጨርሰው ሰላም የተፈራረሙበት ዓመት ነው" ብሎ በቀይ ጻፈባት። እኔ ጅሉ ምን አልኩ? "አስተማሪሽ ነው የተሳሳተው።"

"ዋትኤቨር" ብላ ዘጋችብኝ።

ለክፍሏ ልጆች አባቴ የታሪክ መምህር ነበር ብላ አውርታ ነበር። አፈርኩ። ከዚህ በኋላ ቅዳሜዬ አበቃለት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1999

ከላይ ያለውን ቀን ጽፌ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። 1999! ውጭ ያለው ሰው ሁሉ 2006 ላይ ነው።

ደብተሩን ገለጥኩት። ያኔ ተማሪዎቼ ከጎንደር ዘመን ጋር እንዲያስተያዩት ብዬ የአውሮፓውን ዘመን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼው ኖሯል። የእኛ 1748 የእነሱ 1756 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አሜሪካ ኖሬ፣ ሰላም በወረደበት ዓመት ልጄን ጦርነት አስጀመርኳት።

ደወልኩ። አታነሳም። መልእክት ተውኩላት፦ "ማሂዬ፣ አስተማሪሽ ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።" ይህን ቃል ለእናቷ አንድ ቀን እንኳ ብዬው ቢሆን ኖሮ... ይቅር፣ አሁን ምን ያደርጋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ሳትደውል መጣች። አስተማሪዋ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ጽፈሽ ካስረዳሽ ድጋሚ እፈትንሻለሁ ብሏታል። የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር ከግድግዳ አውርጄ አስረዳኋት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግድም ሰባት ዓመት ትደምሪያለሽ፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። ጽፋ ጨረሰች። ካላንደሩን ግን አልለቀቀችውም።

"ሶ፣ እዚህ አሁን ናይንቲን ናይንቲ ናይን ነው?"

"ነው።"

በጣቷ ቆጠረች። "በናይንቲ ናይን ኤይት ነበርኩ። ዳዲ፣ በዚህ ካላንደር እኮ ገና አብረን ነው የምንኖረው።"

ሾርባ ላሙቅልሽ ወይ አልኳት። ሁለት ሳህን በላች።

ስትሄድ ጥቅምት 18ን በእስክሪብቶ አክብባ ሄደች። ትምጣ አትምጣ እንጃ። ለማንኛውም ለቁርስ የምትወደውን ሴሪያል ልግዛ ብዬ ሱቅ ገባሁ፤ መደርደሪያው ፊት ለፊት ብዙ ቆምኩ። እኔ የማውቀው በስምንት ዓመቷ የምትወደውን ነው።

እሱኑ ገዛሁ።