ሐጂ ጫማቸውን አወለቁ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017፣ ድሬ

ዛሬም ስልኬ ላይ «የቪአር ጌም ቀዝቅዟል፣ የመነጽሩ ገዢ ቀንሷል» የሚል ወሬ አነበብኩ። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ላይ ጌም ቤት ለከፈተ ሰው ደስ አይልም። ዓይን ላይ ሲደረግ ሌላ ቦታ የገቡ የሚያስመስለው የእኔም የቪአር መነጽር አርጅቷል፤ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይግላል። አዲሱ ሞዴል ደግሞ እዚህ ገበያ አልደረሰም።

ከሰዓት ጎረቤቴ ሐጂ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ «የልጆች ጨዋታ ነው አቦ!» እያሉ ሲያሾፉብኝ መነጽሩን አደረግኩላቸው። መነጽሩ ውስጥ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሳሎን ከፈትኩላቸው። ሐጂ ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና በባዶ እግራቸው ሲሚንቶዬ ላይ ቆሙ። ሳቄ ሲያመልጠኝ ተቆጡ።

«የሰው ምንጣፍ በጫማ ይረገጣል እንዴ?»

ወሬው የፈለገውን ይበል፤ ሐጂን ጫማ ያስወለቀ ጨዋታ አልቀዘቀዘም። ብቻ መነጽሩ ይህን ሙቀት ይቻልልኝ።