ስድስት ሚሊ ሜትር፦ የባለማስመሪያዋ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ባለማስመሪያዋ» በሚል ስም የታወቁት እናት፣ በቄራ የሚዛን ሠራተኛ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ በባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ነበሩ።

በዘጠኝ ዓመታቸው በታይፎይድ ታመው ሃያ ቀን ያህል ከአልጋ አልተነሡም። የታዘዘላቸው እንክብል ከግማሽ ሳያልፍ ትኩሳቱ ወረደ። እናታቸውም «ልጄ ድናለች፤ የቀረው ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ብለው የተረፈውን በጠርሙስ ከድነው በልብስ ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሆዱን የቆረጠው፣ ጉሮሮውን የከረከረው ሁሉ ከጠርሙሱ አንድ አንድ ፍሬ ይታደለው ነበር። ይህን ያደረጉት ከፍቅር እንጂ ከሌላ አልነበረም። እዚህ ላይ የሚነሣውም ኋላ ለሚመጣው ነገር ሁሉ መነሻ በመሆኑ ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ፣ በላብራቶሪ ሙያ ለሁለት ዓመት ሠልጥነው፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው በሕዝብ ጤና ላብራቶሪ የምግብ ምርመራ ክፍል ተቀጠሩ። በዚያች ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በሩ በጉልበት ካልተገፋ በማይዘጋ ማቀዝቀዣ አጠገብ ሠላሳ አራት ዓመት ሠሩ።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ከወተት፣ ከሥጋ፣ ከእንቁላል ናሙና የተገኘውን ባክቴሪያ በክብ ሳህን ላይ ያሳድጋሉ፤ በላዩም በመድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶችን ያኖራሉ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በማግሥቱ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። እርሳቸው የቀለበቱን ስፋት በማስመሪያ ይለካሉ። ወረቀቱ ራሱ ስድስት ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ «ስድስት» የሚል ውጤት መድኃኒቱ ምንም አለመሥራቱን ያመለክታል።

ቀለበቱ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ በሃያ አራት ዓመታቸው ከላብራቶሪው በር ፊት ለፊት ወደሚገኝ ልብስ ሰፊ ቤት ገብተው ግማሽ ሜትር ጥቁር ጨርቅ ጠየቁ። ልብስ ሰፊው «ለቀሚስ አይበቃ፣ ለመሐረብ ይበዛ፤ ምን ሊሆንልሽ ነው እመቤቴ?» አሏቸው። ሲነገራቸው በጣም ገረማቸው፤ አራቱንም ጠርዝ ዘምዝመው ያለ ክፍያ ሰጧቸው። በዓመቱ ተጋቡ። ባለቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ በሜትር፣ እርሷ በሚሊ ሜትር፤ በዚህ ቤት ሳይለካ የሚቀር ነገር የለም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በትዳራቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተው ሃያ አምስት ዓመት በፍቅር ከኖሩ በኋላ ባለቤታቸው ቀደሟቸው።

በቤታቸው የእናታቸውን ልማድ ሳይመረምሩ ቀጥለውበት ነበር። የአልጋቸው ራስጌ መሳቢያ ከዚህም ከዚያም የተረፉ እንክብሎች አይጠፉበትም፤ ልጆቹ ባሳሉ ቁጥር ሁለት ቀን ተሰጥቷቸው በሦስተኛው ይቋረጥ ነበር። በዚያ ዘመን ቀለበቶቹ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር ነበሩና የሚያሳስብ ነገር ያለ አልመሰላቸውም።

የመጀመሪያውን «ስድስት» ያነበቡት በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። በጅምር የሚቋረጥ መድኃኒት ባክቴሪያውን ከመግደል ይልቅ እንደሚያለማምደው ገብቷቸው፣ የዚያን ዕለት ወደ ቤት ተመልሰው መሳቢያውን ገልብጠው ባዶ አደረጉት። በክፍላቸው ግድግዳ ላይ የአሥራ አንድ መድኃኒቶችን ስም ጽፈው ለጠፉ፤ አንዱ መሥራት ባቆመ ቁጥር በላዩ ላይ መስመር ያሰምሩበት ነበር። በየስብሰባው ተነሥተው ይህንኑ ይናገሩ ነበር። አንድ ጊዜ ሰብሳቢው «እትዬ ባለማስመሪያ፣ ዛሬስ በስንት ሚሊ ሜትር ነው የምንሞተው?» ቢሏቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው ቁጥሩን ነገሯቸው። ከዚያም ለሻይ ዕረፍት ተወጣ።

ወንዱ ልጃቸው በዚህ መካከል የዶሮ እርባታ አቋቁሞ ነበር። አንዲት ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር ለስምንት መቶዎቹ ሁሉ በመጠጥ ውኃቸው ጥቂት አንቲባዮቲክ ያፈስ ነበር፤ ለሁለት ቀን ብቻ፣ «ለመከላከል ያህል»። እናቱ ይህን አላወቁም።

አምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አርባ ልጆች በምግብ መመረዝ ታመው፣ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መድኃኒት ሳይሠራላት ሞተች። ከወጥ ቤቱ የተወሰደው የእንቁላል ናሙና ወደ ባለማስመሪያዋ ጠረጴዛ ደረሰ። ከሰባት መድኃኒቶች አምስቱ «ስድስት» ሆኑ። እንቁላሉ ከየት እንደመጣ በቅጹ ላይ ያነበቡት ከለኩ በኋላ ነበር። ለሌላ ባለሙያ አስተላልፈው ዞር ማለት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በሪፖርቱ ግርጌ «ናሙናው ከወንድ ልጄ እርባታ የመጣ ስለሆነ፣ ምርመራው በሌላ ሰው ይደገም» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ተደገመ፤ ለውጥ አልነበረውም።

እርባታው ታገደ። ልጃቸው ከግቢያቸው በር ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ «እማዬ፣ እኔ መርዝ አላጠጣኋቸውም እኮ! መድኃኒት ነው የሰጠኋቸው» አላቸው።

«እኔም ለአንተ መድኃኒት ነበር የሰጠሁህ» ሲሉ መለሱለት።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ሊጠይቁት ሁለት ጊዜ ሄደው፣ በሩ ሳይከፈትላቸው ተመልሰዋል። በእነዚያ ዓመታት ልጃቸው፣ እርሳቸው ሳያውቁ፣ የዶሮ ቤቱን አጥቦ፣ መንጋውን ለውጦ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ ትቶ ነበር። ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ስድስት እንቁላል ይዞ ላብራቶሪው ድረስ መጣና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ የጠበቁት ቀን ነበር። ውጤቱ ሲደርስ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ አብረው አዩት። ከሰባቱ መድኃኒቶች አራቱ አሁንም «ስድስት» ነበሩ።

«ታዲያ መተዌ ምን ፈየደ?» አላቸው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉት። ሌላ የሚያጽናና ቃል ሊጨምሩለት ይችሉ ነበር፤ የማያውቁትን መናገር ግን ልማዳቸው አልነበረም። ምሳቸውን አብረው በሉ።

በአምሳ አምስት ዓመታቸው በጡረታ ተሰናበቱ። ክፍሉ ከዚያ በኋላ የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሆኗል። ግድግዳው ላይ የቀረው ዝርዝር መስመር ያልተሰመረባቸው አራት ስሞች ነበሩት።

ባለፈው ወር፣ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ በኩላሊት ኢንፌክሽን ታመሙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ትኩሳቱ አእምሯቸውን ባደከመበት ሰዓት፣ አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው ከቦርሳዋ የተረፈ እንክብል አውጥታ ሰጠቻቸው። ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ዋጡ። መሳቢያውን ከገለበጡ ወዲህ ሳይጠይቁ የተቀበሉት መድኃኒት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የሆነውን ሳያጎድሉ መጻፍ የእርሳቸው ሥርዓት ስለነበረ፣ ይህም ሳይጻፍ አይታለፍም።

በሆስፒታል ሦስት መድኃኒቶች በተከታታይ ተሞከሩ። ከደማቸው የተገኘውን ባክቴሪያ የመረመረችው ቀድሞ ያሠለጠኗት ባለሙያ ነበረች። ውጤቱን ይዛ መጥታ አልጋቸው ዘንድ ቆመች።

«ስንት ነው?» አሏት።

«ስድስት ነው፣ እትዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«በጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገሽ ነው ያነበብሽው?»

«አዎ፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲያው ትክክል ነው» አሏትና እጇን ያዙ።

ወንዱ ልጃቸው በአልጋው ግርጌ ነበር። «ከእኔ ዶሮዎች ይሆን የመጣው?» ሲል ጠየቃቸው። «ይህን የሚለካ ማስመሪያ የለኝም» አሉት። ቀጥለውም ትራሳቸውን ከፍ እንዲያደርግላቸው ጠየቁት። አደረገላቸው። ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው በግራና በቀኝ እንደተቀመጡ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለማስመሪያዋ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸውም ዛሬ ከቀባሪዎቻቸው መካከል ናቸው። ጥቁሩ ጨርቅ ለተማሪያቸው ተሰጥቷል፤ ማስመሪያው አብሯቸው ይቀበራል። የለኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ የሰማቸው ግን በጊዜው አልተገኘም፤ በቤታቸውም ጭምር።

ፈጣሪ ልክ በሌለው ምሕረቱ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ በስማቸው ከማናውቃት ከዚያች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጋር በአንድነት ያሳርፋቸው። ለቀረነውም እርሱ ይዘንልን።