እማዬ እና የላክኸው ዲስክ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እንኳ ለክፉ አንሰጥም።

ከእማዬ ጋር ፊት ለፊት እየተያየን እናወራበታለን ብለህ የላክኸው ዲስክ ደርሶናል። «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ብለህ ጽፈሃል፤ ከሩቅ ሆነው ሲያዩት ምን የማይቀል ነገር አለ! እኔ ሦስት ቀን ታገልኩት። ግማሽ ላይ ሲደርስ «ስህተት ተፈጥሯል» ይልና ቀጥ ይላል። ዲስኩን በጥጥ ጠረግሁት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። ደረጃ መውጣት ስለሰለቻት አልጋዋን ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል አውርደነዋል።

ሲመረኝ ጎረቤታችንን ቴክኒሻኑን ጠራሁት። ለካ ኮምፒውተሩ ሞልቶ ቦታ ጠፍቶ ኖሯል። የድሮ ፊልሞችህን ሰርዞ ዲስኩን እንደገና ሲከተው፣ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ስህተት ተጫነ። ካሜራውን ሲሞክረው እማዬ ስክሪኑ ላይ ራሷን አየች። ዓምና የላክህላትን ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ሁለቴ አጥብባላታለች። ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበችው።

«ዝጋው ልጄ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዲስኩ አልሠራም ብለሽ ጻፊለት።»

«እማዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለፍቼ?»

«ድምፄ ይበቃዋል።»

ይኸው፣ እንዳለችኝ ጽፌያለሁ፤ ዲስኩ አልሠራም። ሌላ እንዳትልክ። ዘንድሮ የምትልከው ነገር ካለ ራስህ ይዘኸው ና።

በል ደህና ሁንልኝ። እማዬም «ደህና ናት በይው» ብላኛለች።

እህትህ