ደንገጎ ላይ የምንቀይራት ብሎን

ታዴ ሆዴ፣

እንዴት ከረምክ ብልህ መልስህን አልሰማም፤ እኛ ግን ደህና ነን። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ልጆቹ አድገዋል፤ ትንሿ የፊት ጥርሷን ጥላ ስትስቅ ቁርጥ እናትህን ሆናለች። የከዚራ ጎረቤቶቻችን የመኪናህ ጩኸት ቀርቶላቸው ጥቂት ወር በሰላም ተኝተው ነበር። አሁን ተመልሶባቸዋል፤ የምጽፍልህም ይህንኑ ላወራህ ነው።

መጀመሪያ ስታመጣት ትዝ ይልሃል? ሰባት ሰው የምትጭን፣ ኋላዋ የረዘመ የፈረንሳይ መኪና። ሌላ ሰው ቢሆን ቤተሰቡን ጭኖባት አርፎ ይቀመጥ ነበር። አንተ ግን የባቡሩ ጋራዥ ቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ስትቀርጽ ውለህም እጅህ አያርፍም። የሞተሯን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ራስህ ላጭተህ፣ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ከፍተህ፣ ከሌላ መኪና የወጣ ትልቅ ካርቡራቶር ገጠምክላት። ይህ ሁሉ ልፋት የመጋላው ፍራፍሬ ነጋዴ አደም ሐረር መንገድ ላይ እንዳይቀድምህ ነው። እኔ፣ አራት ልጆችና የእናቴ የሽንኩርት ጆንያ ተጭነን አደምን ስናልፈው ፊትህ እንዴት እንደሚበራ ሳስብ፣ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ።

የዳገቱ አናት ደንገጎ ስንደርስ ግን ትቆማለህ። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑም ይቀነስላት ትልና ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን ቀዳዳዋ ሰፊ የናስ ብሎን ፈትተህ ጠባቧን ታስራለህ። ስንመለስም እዚያው ቆመህ ለድሬ ቆላ ሰፊዋን ትመልሳለህ። የብሎኖቹ ቆርቆሮ ሁልጊዜ እኔ ጭን ላይ ነበር። ልጆቹ ሲሯሯጡ፣ እኔ መሸብን እያልኩ ስነጫነጭ፣ የቀደምነው አደም ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፈን፣ አንተ ካቻቢቴህን ይዘህ ታፏጫለህ።

ካረፍክ በኋላ ወንድምህ ግርማ ሊነዳት ሞከረ። ትስላለች፣ ትግላለች፣ ሳቢያን ሰፈር ሳትደርስ ትቆማለች። መካኒኮች ተሰብስበው፣ ታደሰ ላጭቶ ላጭቶ ገድሏታል፣ ለመለዋወጫ ትሸጥ አሉ። ከመሸጧ ይልቅ በእሷ ምክንያት ስምህ በክፉ መነሳቱ አንገበገበኝ። ገዢ ተገኝቶ ሊወስዳት በመጣበት ጠዋት፣ ልጆቹን እያጠብኩ ሳለ የመጨረሻው ጉዟችን ድንገት ትዝ አለኝ። ከሐረር ስንመለስ ትኩሳት ይዞህ ነበር፤ የዚያን ቀን ብቻ ደንገጎን ሳንቆም፣ ብሎኗንም ሳንቀይር አለፍን። እኔም ቆርቆሮውን ይዤ፣ ሐሳቤ ሁሉ ቶሎ ቤት ገብተህ እንድትተኛ ነበር።

ሳሙናውን ጥዬ ወጣሁ። ሁሉም ቆመው እያዩ ኮፈኑን ከፍቼ፣ አንተ ስታደርገው ስንት ጊዜ ያየሁትን አደረግኩ። ጠባቧ ብሎን እምቢ አለችኝ፤ አጥብቀህ ነበር ያሰርካት። መኪናዋ ላይ የመጨረሻው የእጅህ ሥራ እሷ ነበረችና፣ ስትላቀቅ አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። ሰፊዋን አስሬ ሳስነሳት ከዚራ በሙሉ ሰማ። ግርማ ለገዢው ምን ብሎ እንደመለሰው አልጠየቅኩም።

ባለፈው እሑድ ራሴ ነድቼ ልጆቹን ሐረር እናቴ ጋ ወሰድኳቸው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መንዳት ስታስተምራት ተቀርቅራ በግመል የተጎተተችው ሚስትህ፣ ዳገቱ ላይ አደምን አለፈችው። ደንገጎ ላይ ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት ከኋላ ደረሰብኝ። እንደ ድሮው ጥሩንባውን ነፍቶ ያልፋል ስል፣ አቁሞ ወረደ። አቦ፣ ድምጿን ስሰማ ታደሰ የተመለሰ መስሎኝ ነበር አለኝ። ከዚያ ብሎኗን አስሬ እስክጨርስ ኮፈኑን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘልኝ።

በሕይወት እስካለሁ ደንገጎን ሳልቆም አላልፍም፣ ታዴ። ቆርቆሮው አሁን ትልቋ ልጃችን ጭን ላይ ነው፤ የዳገቷ የትኛዋ፣ የድሬዋ የትኛዋ እንደሆነች አስተምሬያታለሁ።

ሚስትህ አስካለ