ያልተጻፈው ውሃ

ውድ እናቴ እታለም፣

ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍልዎ። ቄስ ወልደ ሥላሴ ቀስ እያሉ ያንብቡልዎ፤ እኔም ቀስ እያልሁ ነው የጻፍሁት።

ያን ቀን ቡሬ ድረስ መጥቼ ጠላዎን ሳልጨርስ የተነሣሁት ተቆጥቼ አይደለም። ይህን አስቀድመው ይወቁልኝ።

በእጄ የነበረው ወረቀት የሁለት ዓመት ድካሜ ነበር። ጨው የሚመስለውን ፖሊመር ያስታውሱታል፤ ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠውን፣ ለሥሩ ቀስ እያለ የሚመልሰውን። እርስዎ ቤት እያደርሁ፣ በጓሮዎ ሦስት የድንች መደብ ከእሱ ጋር፣ ሦስት ያለ እሱ፣ ለሁሉም እኩል ውሃ። ፖሊመር ያለበት ለመለመ። ሌላው ጠወለገ። ውጭ አገር ያለ መጽሔት በአምስት ሳምንት ተቀበለው። ዘንድሮ እንዲህ ነው፤ በየወሩ ስለ ፖሊመር የሚታተመው ተነቦ አያልቅም፣ ሁሉም ተሳካ ይላል። አልሠራ ያለው ሁሉ የት እንደሚቀበር እንጃ።

የምስጋናው ገጽ ላይ ስምዎን ሳነብልዎ ሣቁ።

«ስሜን ጻፍህልኝ? ታዲያ በየማለዳው የጨመርሁትን ጀሪካንስ ጻፍኸው?»

ፖሊመር ያለባቸው የእኔዎቹ መደቦች አንገታቸውን ሲደፉ አይተው ኖሯል፤ አስተማሪዎቼ ሊጎበኙ የሚመጡበት ሰሞን። ከቤቴ ያደረ ልጅ በሰው ፊት አያፍርም አሉኝ።

እንዲህ የሳሳልኝ ሰው አላውቅም። ይህን እዚያው ልነግርዎ ይገባ ነበር። ጠላዎን አስቀምጬ ተነሣሁ።

አማካሪዬ ገነነ ጋ ደወልሁ። ማን ያውቃል አለኝ፣ አንዲት ባልቴት የደፋችው ውሃ ነው፤ የተቀበሉትን ጽሑፍ የሚያስመልስ ቂል ገና ዛሬ አየሁ አለኝ። ወረቀቱ ከሌለ ዘንድሮ አልመረቅም። ሦስት ቀን አሰብሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሁለቱን ቀን ሐሳቤ ከገነነ ጋር ነበር።

ግን ቆጋ መስኖ ላይ የሚያርስ አንድ ሰው ጽሑፌን አምኖ ውሃውን ቢቀንስስ? የእርስዎ ጀሪካን እሱ ዘንድ አይደርስም።

ዛሬ ጠዋት ጽሑፌን አንሡልኝ ብዬ ለመጽሔቱ ላክሁ። ስምዎን በጥፋት አላነሣሁም። መደቡን መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። ከላክሁ በኋላ ወንበሬ ላይ ብዙ ቆየሁ። መነሣት ፈራሁ።

እናቴ፣ አይዘኑብኝ። ለከርሞ በጋ እነዚያኑ መደቦች ይስጡኝ። ምናልባት ድንቹ ይጠወልጋል። ሲጠወልግ ዳሩ ላይ አብረን እንቀመጣለን፤ እኔ አፍራለሁ፣ እርስዎም ጀሪካኑን ሳያነሡ ያዩኛል። ከባድ ነገር እንደለመንሁዎ አውቃለሁ።

ልጅዎ፣
ክንፈሚካኤል