ቅንብር ነው አሉኝ

ማክሰኞ

መኪናዋ የእኛ ናት። ታርጋዋ አይታይም፣ ግን የእኛ ናት። ጠዋት የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነው። የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ናቸው፤ ከሥሯ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ ሥር የከተማው ጣሪያ። «እንጦጦ መንገድ፣ ነፍስ ይማር» ይላል።

ባሌ ሙሉጌታ ትናንት አልገባም። ወንድሙ ግርማ ደውሎ፣ «ደንበኛ ይዞ ደብረ ብርሃን ሄዷል፣ እዚያው ያድራል። ስልኩ ወድቆ ተሰብሮበታል» ብሎኝ ነበር። ፎቶውን ላኩለት። ወዲያው መለሰ፦ «ቅንብር ነው ጽጌ፣ እንዳትደነግጪ።»

ቢሮ ለሰላም አሳየኋት። ኮምፒውተር ነክ ነገር ሁሉ የሚጠየቀው እሷን ነው። በሁለት ጣቷ አጎላችው። «ይሄ እኮ ኤዲትድ ነው። ሳሩን እዪው፣ በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። መኪናዋ ላይ ፀሐይ አለ፣ ከታች ግን የለም። ሪላክስ በይ።»

እፎይ አልኩ። ምሳዬን በላሁ። የደም ግፊት መድኃኒቴንም አልረሳሁም።

ረቡዕ

ዛሬም አልደወለም።

ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ምስር ወጥ ይዘው በሬ ላይ ይጠብቁኛል። «ያ ፎቶ ቅንብር ነው አሉ ልጄ፣ ልብሽ እንዳይሰጋ» አሉኝ። ፎቶውን እኔ አላሳየኋቸውም። እትዬ አስካለ ስልካቸው ሲጠራ እንኳ የሚያነሱት ሰው ጠርተው ነው። ቅንብር የሚለውን ቃል ማን አስተማራቸው?

ከዚያ ሌሎቹ ጎረቤቶችም መጡ። አንዷ ሻይ አፈላች፣ አንዷ ሳህን አጠበች። ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወሩ። ሙሌ የት ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ያኔ ነው የፈራሁት። አገሬን አውቃታለሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። አባቴ ሲሞት «ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በይ» ብለው ነው የጠሩኝ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል።

ከእንግዲህ የሰው ቃል አይጠቅመኝም። ሲወጡልኝ ፎቶውን ራሴ መመርመር ጀመርኩ። የኋላውን መስታወት አጎላሁት። ስንጥቁን እሑድ ዕለት በካርቶን ፕላስተር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አልበቃ ብሎኝ ጫፉን በቁስል ፕላስተር ጨረስኩት። ሙሌ «መኪናዋን አከምሻት» ብሎ ስቆብኛል።

ፎቶው ላይ ቡናማው ፕላስተር አለ። ጫፉ ላይ ነጩም አለ። ይህን የሚያቀናብር ሰው የለም።

ሐሙስ

ቢሮ አሞኛል አልኩ፤ ውሸትም አይደለም። ከፈረንሳይ ሰፈር ታክሲው እስከሚያደርሰኝ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ፎቶውን ከመንገዱ ጋር እያስተያየሁ፣ ኩርባ በኩርባ። አንገቱን የደፋውን ባሕር ዛፍ አገኘሁት። ከመኪናዋ በስተግራ የሚታየው እሱ ነው። ከሥሩ የመስታወት ስብርባሪ ተበትኗል። ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ግን ገደል የለም። ሰው የሚውጥ ቦይ አለ፣ ከዚያ ማዶ የድንች ማሳ ነው። ከተማው በዚህ በኩል አይታይም። ለካ ሰላምም ልክ ናት፣ እኔም ልክ ነኝ፤ ከሳሩ በላይ ያለው እውነት፣ ከሳሩ በታች ያለው ውሸት ነው። ማን እንደሆነ እንጃ፣ ቦዩ አላስፈራ ቢለው ገደል ጨመረበት። ቦይ ውስጥም ግን ሰው ይሞታል።

ማሳው ውስጥ የሚኮተኩቱ ሽማግሌ ነበሩ። «አባባ፣ የወደቀችው መኪና ሹፌር እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

መኮትኮቻቸውን አስቀመጡ። «ደህና ነው ልጄ፣ ተርፏል። ምንም አልሆነም» አሉና ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ። ከኢንሹራንስ ነው የመጣሁት ማለት ነበረብኝ። ለሚስት ማን እውነቱን ይነግራል?

ስወርድ መንገድ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን በራፍ ላይ ቆሜ ተሳልኩ። ምን እንደተሳልኩ እዚህ አልጽፍም።

ዓርብ

ሳልደውል ሲግናል ሰፈር፣ ግርማ ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያየሁት ልብሱን ነው። ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊ ሹራብ ነው።

«ቦታውን አይቼዋለሁ» አልኩት። «ምንም እንዳትነግረኝ። አሳየኝ።»

የጫማውን ክር ሳያስር ይዞኝ ወጣ።

በሕይወት አለ። ሙሌ በሕይወት አለ። ቀኝ እግሩ ጀሶ ውስጥ ነው፣ መንጋጋው አብጦ ፊቱ የሌላ ሰው መስሏል። ያልደወለው አፉ አልከፈት ብሎት ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግርማ ሁሉንም ነገረኝ። ሰኞ እንጦጦ ፓርክ ደንበኛ አድርሶ ሲመለስ፣ የጭነት መኪና ሸሽቶ ነው ቦዩ ውስጥ የገባው። የደብረ ብርሃኑ ወሬ የግርማ ፈጠራ ነው። እትዬ አስካለንም ቃሉን ያስተማራቸው እሱ ነው።

«ግፊትሽን ፈርተን ነው» አለኝ። «ትንሽ እስኪሻለው ብለን።»

«እኔ እኮ ከረቡዕ ጀምሮ ስቀብረው ነበር» አልኩት። ተናድጄበታለሁ። ደግሞ አቅፌው አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ሙሌን አጥሚት በስትሮ እያጠጣሁት ስልኬ ጠራ። እናቱ ናቸው፣ ከፍቼ ከተማ።

«ጽጌ፣ የጎረቤት ልጅ አንድ ፎቶ አሳየኝ። የሙሌ መኪና ናት?»

እሳቸው ልባቸው ደካማ ነው። አፌ ቀደመኝ። «ቅንብር ነው እማማ፣ እንዳይደነግጡ» አልኩ።

ዝም አሉ። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ረቡዕ ዕለት ሳህኔን ሲያጥቡልኝ እኔም እንዲሁ ዝም ብዬ ነበር።

«ልጄን ስጪኝ» አሉ።

«ዋሽቻለሁ እማማ። መኪናዋ የእሱ ናት። እግሩ ተሰብሯል፣ አፉም አብጧል። ግን እዚሁ አጠገቤ ነው።»

ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋሁለት። ከንፈሩ ብዙ ታገለ።

«አለሁ» አለ።

የእሱን ድምፅ አይመስልም። እሳቸው ግን አወቁት።