በማን ፈንታ መጣሽ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ስሟን አነበብኩት። «ገነት፣ ቀሪ። ሦስተኛ ጊዜ ስለሆነ ከክበቡ ተሰርዛለች።» ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ያን ጊዜ ኮራሁ፤ አሁን ግን እህል አልወርድ ብሎኛል።

የትምህርት ቤታችን የወጣቶች ክበብ አሥራ አራት አባላት አሉት፤ ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ። ችግኞቻችንን በግ ስለጨረሰብን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ዙሪያውን በድንጋይ እንክባለን። ደብረ ብርሃን ለሁለት ቀን የአመራር ሥልጠና ሄጄ ይዤ የተመለስኩት ቅጽ አለ። ሁለት ዓምድ ነው ያለው፤ «ተገኘ» እና «ቀሪ»። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል።

ገነት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለችም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መሐል ሜዳ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር፣ ስንቃችን አንድ የሆነ። አባቷ ወድቀው እግራቸው ስለተጎዳ ረቡዕ ረቡዕ ወጌሻ ጋ የምትወስዳቸው እሷ ናት። ዝም ብላም አልቀረችም፤ የአክስቷን ልጅ ታደለችን ልካለች። ታደለች ሦስቱንም ቀን ድንጋይ ተሸክማለች። ዛሬ የገነት ስም ሲሰረዝ ስትሰማ «እኔ እኮ በእሷ ፈንታ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

«ይሄ ክበብ ነው፤ ምትክ የሚባል ነገር የለም» አልኳት።

ሁሉም ድንጋያቸውን አስቀምጠው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ገነት በምሳ ሰዓት መጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የምትለብሰውን የሱፍ ባናዋን አጠፈች፣ ደብተሮቿን ሰበሰበች፣ «ደህና ሁኚ ሊቀመንበር» አለችኝና ታደለች ቤት ሄደች። በቃ።

የተወችልኝ፦ ድስቱ። የከሰል ምድጃው። ግማሽ ጣሳ ሽሮ። ከስንቁ ቅንጣት አልወሰደችም፤ ይሄ ነው ያናደደኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዛሬ ያነጋገርኳቸው ሰዎች፦ ጨው የሸጠልኝ ሰውዬ፣ የቤት አከራያችን። እሳቸውም «ጓደኛሽስ?» ሲሉኝ «አገር ቤት ሄዳለች» ብዬ ዋሸሁ።

ሽሮ ለሁለት ሰው ሠርቼ ቁጭ። እጄ ለምዶ ነው። ውርጩ ደግሞ ዘንድሮ ለጉድ ነው። የሁለታችንንም ባና ደርበን ነበር የምንተኛው፤ አሁን ባናው አንድ፣ ሰውም አንድ። ጋቢዬን፣ ሹራቤን፣ የደንብ ልብሴን ሳይቀር ከላይ ደረብኩ። አልሞቀኝም።

ነገ ኅዳር ጽዮን ናት። ቤተ ክርስቲያን አገኛታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ትናንት አየኋት። እሷም አየችኝ። ከታደለች ጋር ወደ ሌላው በር ዞሩ።

የክበቡ ኃላፊ የሆኑት መምህር ዛሬ ጠርተው አመሰገኑኝ። «መሪ ማለት ለጓደኛው የማያዳላ ነው፤ ጎበዝ» አሉኝ። እሺ አልኩና ወጣሁ። ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው። አለማዳላት አይደለም። ልጆቹ ከእኔ ይልቅ እሷን ይሰማሉ። እኔ ሦስቴ ጮኼ ያልተነሳ ድንጋይ እሷ «ኑ እስቲ» ስትል ይነሳል። ቀናሁ። ቅጹ ሲመጣልኝ በቅጹ መታኋት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ከአሥራ ሦስት ሰው አራት ብቻ መጣን። ትልልቁን ድንጋይ ለማንሳት አልበቃንም። በስተታች ያለው ካብም በግማሽ ተንዶ አገኘነው። ብቻዬን አንዱን ላነሳ ስታገል ክንፈ የሚባለው፣ ከመጡት አንዱ፣ ቆሞ አየኝ።

«አንቺ፣ አገርሽ የት ነው?» አለኝ።

እያወቀ! «ምን ልትል ነው?» አልኩት።

«እናንተ አገር ወንፈል የለም? ሰው ታሞበት ልጁን ወይ ጎረቤቱን ቢልክ ቀረ ይባላል?»

አይባልም። እናቴ አራስ በነበረችበት ዓመት እኔ ነኝ በእሷ ፈንታ ሰው እርሻ ላይ ስሰበስብ የዋልኩት፤ ማንም እናትሽ ቀረች አላለኝም። በኋላም እኛ ጋ ሊያጭዱ መጡ። ይሄን ከወተት ጥርሴ ጀምሮ የማውቀውን ነገር በሁለት ቀን ሥልጠና ረሳሁት።

የነገነት ገብስ እስካሁን አልታጨደም አለኝ። ወንፈላቸው ዓርብ ነው።

ቤት ገብቼ ቅጹ ላይ በማስመሪያ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ። «ምትክ» ብዬ የታደለችን ስም ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ደስ የሚል ነገር አልተሰማኝም። ወረቀት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ከትምህርት ቀረሁ። በጠዋት ሚኒባስ እስከ ቀየት፣ ከዚያ በእግር ወደ እነገነት አገር። ስደርስ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈው ያጭዳሉ። ገነት መሀል ናት፤ ቀና አላለችም። አባቷ እግራቸውን ዘርግተው ካቡ ሥር ተቀምጠዋል።

«በማን ፈንታ መጣሽ ልጄ?» አሉኝ። ለመጣ ሁሉ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

አፌ ላይ የመጣልኝ «በገነት» የሚለው ነው።

ሳቁ። «ገነትማ ያቻትና!»

አፈርኩ። «እንግዲያው በራሴ ነው፣ አባባ። በድያት ነው» አልኳቸው። ማጭድ እንዲሰጡኝ ተጣሩ፤ ሌላ አልጠየቁኝም። ያሰለፉኝ ከገነት ጎን ነው፤ አውቀው ይሁን አላውቅም። ጎን ለጎን እያጨድን ዋልን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፣ «ማጭዱን እንደሱ አትያዢው፣ ጣትሽን ትቆርጪዋለሽ» ያለችኝ። ማጭድ አያያዝ ከእሷ በፊት ነው የማውቀው። ቢሆንም አስተካከልኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 28

መድኃኔዓለምን እዚያው ውዬ ዛሬ ተመለስን። አብረን። መንገድ ላይ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «ታደለችን ጠይቂ፤ ድንጋዩን የተሸከመችው እሷ ናት» አለች። እውነቷን ነው። ረቡዕ በሁሉም ፊት እጠይቃታለሁ፤ መምህሩም ይስሙ። ዓርብ ደግሞ የክፍላችን መዝገብ ላይ «ቀሪ» የተባልኩት እኔ ነኝ። በእኔ ፈንታ የሚገባ ሰው አልላክሁም፣ የምልከውም አልነበረኝም።

እናቷ በሶ የቋጠሩልን በአንድ ከረጢት ነው። ከመኪና ስንወርድ አንዱ መንገድ ወደ ታደለች ቤት፣ አንዱ ወደ እኔ። ገነት ከረጢቱን ተሸክማ ትንሽ ቆመች። ከዚያ እኔ ቤት ድረስ መጣችና ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። እመለሳለሁ አላለችም። ባናዋ አሁንም ታደለች ጋ ነው።

ርቦኛል። ከረጢቱን ግን አልፈታሁትም። ስትመጣ እሷ ትፍታው።